ሐበሻ፣ ሳሶ ወይስ ቦቫንስ? የጓሮ እንቁላል እውነተኛ ወጪ በባሕር ዳር

እንቁላል በተወደደ ቁጥር «ለምን ራሴ ዶሮ አልይዝም?» የሚል ሰው ይበዛል። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ወሬው ከየግቢው ይሰማል። ከሽምብጥ እስከ ዘንዘልማ፣ ትንሽ ጓሮ ያለው ሁሉ አንድ ጊዜ ሳያስበው አልቀረም። ሐሳቡ ደግ ነው። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ሰው የሚከራከረው በዶሮዋ ዋጋ ነው። ዶሮዋ ግን የተገዛችበትን ገንዘብ በዓመት ውስጥ እጥፍ እጥፍ አድርጋ በመኖ ትበላዋለች።

ስለዚህ እኔ አማራጮቹን በመግዣ ዋጋቸው አላወዳድርም። ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። ይህች ዶሮ ሳትጥል ስንት ቀን ትበላለች? የምትበላውስ ከጓሮ ነው ከጆንያ?

አንድ ኪሎ መኖ ስንት እንቁላል ነው?

ለእንቁላል የተዳቀለች ዶሮ፣ ቦቫንስ ብራውንም ሆነች ሎማን ብራውን፣ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ጣለችም አልጣለችም። አምስት ዶሮ በወር 17 ኪሎ ገደማ፣ በዓመት 210 ኪሎ ይጨርሳሉ። ሁለት ኩንታል ከ10 ኪሎ ማለት ነው።

የአርቢ ኩባንያዎች ወረቀት በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል ይላል። እሱ መኖው፣ ብርሃኑ፣ ክትባቱ፣ ውሃው አንዱም ሳይጓደል ነው። ጓሮ ላይ 250 ከጣለች እሰየው። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ መኖ ወደ 6 እንቁላል ይሆናል። ዶሮዎቹ ሁለት ቀን አንዴ ወደ መጣል ከወረዱ ደግሞ ኪሎው 4 እንቁላል ብቻ ነው የሚሰጠው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዛችሁ ገበያ ውጡ። የኪሎ መኖ ዋጋ ከ4 እንቁላል ዋጋ በታች ከሆነ ነገሩ ያስኬዳል። 5 ወይም 6 እንቁላል ካከለ ዶሮ መያዝ ፍቅር እንጂ ሥራ አይደለም።

በብር እንየው። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ በዛሬው ገበያ ቀይሯቸው። መኖ በኪሎ 60 ብር፣ እንቁላል 15 ብር ይሁን። አምስት ዶሮ በዓመት 12,600 ብር መኖ ይበላሉ። 1,250 እንቁላል ይጥላሉ፤ 18,750 ብር። ልዩነቱ 6,150 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይደሰታል።

ገና አላለቀም። አምስቱ ቄቦች፣ ማለትም ሊጥሉ የደረሱ ዶሮዎች፣ እያንዳንዳቸው በ700 ቢገዙ፣ አንዷ ብትሞት፣ አራቱ መጨረሻ ላይ በ500 ቢሸጡ 1,500 ብር ጠፋ። ቤቱ 6,000 ብር ቢፈጅና አራት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 1,500 ነው። ክትባት፣ ጉዝጓዝ፣ አልፎ አልፎ መድኃኒት 600 በሉት። ድምር 3,600። የተረፈው 2,550 ብር፣ በወር 212 ብር ገደማ ነው። ጠዋትና ማታ የምታጠፉትን ጊዜ አልቆጠርኩም።

አሁን እነዚሁ ዶሮዎች ሁለት ቀን አንዴ ቢጥሉስ? እንቁላሉ ወደ 912 ይወርዳል። ሽያጩ 13,680 ብር ይሆናል። መኖው ያው 12,600 ነው፤ ቅናሽ አያውቅም። ሌላውን ወጪ ስትቀንሱ 2,520 ብር ኪሳራ ነው። ትርፍና ኪሳራን የለየው ዶሮዋ ሳትጥል የበላችበት ቀን እንጂ የተገዛችበት ዋጋ አይደለም።

ጫጩት፣ ባለ 45 ቀን ወይስ ቄብ?

የእንቁላል ዝርያ ዶሮ መጣል የምትጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት ነው። እስከዚያ 7 ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች። የአንድ ቀን ጫጩት ርካሽ ይመስላል፤ 140 ቀን ግን ያለ ምንም እንቁላል መመገብ አለባት። በዚያ ላይ ሙቀት ትፈልጋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየቀነሰ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጫጩቶቹ ተደራርበው ሲታፈኑ ይገኛሉ። በከሰል ላሙቅ ያለ ደግሞ በጭሱ ይጨርሳቸዋል። ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥን፣ ባለሙያዎቹ ሃይ ቦክስ የሚሉት፣ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ ያለ መብራት ይሠራል። ቢሆንም ለአምስት ዶሮ ብላችሁ የአንድ ቀን ጫጩት ውስጥ እንድትገቡ አልመክርም።

እውነተኛው ፉክክር በባለ 45 ቀኗና በቄቧ መካከል ነው። ባለ 45 ቀኗ አስቸጋሪውን ጊዜ አልፋለች። መጣል እስክትጀምር ግን ገና 6 ኪሎ ያህል ትበላለች። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ቀንሱ። ልዩነቱ ከ6 ኪሎ መኖ ዋጋ ካነሰ ቄቧን ግዙ፣ አታቅማሙ። በላይኛው ምሳሌ 360 ብር ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚያ በጣም ከሰፋ ባለ 45 ቀኗ ትሻላለች፤ ግን አንድ ሁለት ልትሞት እንደምትችል አስቡና ጨምራችሁ ግዙ።

ቄብ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን የሚታለለው ገዢው ነው። ጥላ ጥላ የደከመች ዶሮ «ልትጥል ነው» ተብላ ትሸጣለች። እግሯን እዩ። ቄብ እግሯ ቢጫ፣ ቅርፊቱ ለስላሳ ነው። ዓመት የጣለች ቡናማ ዶሮ የእግሯና የመንቁሯ ቢጫነት ነጥቶ፣ ቅርፊቱ ሻክሮ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ገልብጣችሁ ከመጣያዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች በጣት ለኩ። ገና ያልጀመረች ከሆነች አንድ ጣት እንኳ በደንብ አይገባም። ሁለትና ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው። እግሯ ነጥቶ፣ አጥንቷም ተጣብቆ፣ ኩክኒዋ የተኮማተረች ከሆነች ጥላ ያቆመች ናት። ለወጥ ካልሆነ ተዋት።

ሳሶ የሚያዋጣው ለማን ነው?

ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም የምትሆን ናት። ቀለሟ ከሐበሻ ዶሮ ስለሚቀራረብ ገበያ ላይ አትናቅም። ጓሮ ጭራም ትበላለች። በእንቁላል ግን ከቦቫንስ ጋር አትወዳደርም። ሰውነቷም ስለሚከብድ ከጆንያ ብቻ የምትመገብ ከሆነ የእንቁላሏ ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል።

ጥቅሟ አውራው ላይ ነው። ባለ 45 ቀን ሳሶ ብዙውን ጊዜ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ይሸጣል። አሥር ስትገዙ ግማሹ አውራ ሊሆን ይችላል። ይህ ለእንቁላል ፈላጊ ጉዳት ይመስላል፤ በዓል ለሚያውቅ ግን ትርፉ እዚያ ነው። ጥር ላይ የተገዛ አውራ ለፋሲካ ይደርሳል። ግንቦት ላይ የተገዛ ለእንቁጣጣሽ። አውራዎቹ ተሸጠው የሴቶቹን መኖ በከፊል ይከፍላሉ። ሰፋ ያለ ግቢ ላለው፣ መሸንቲ ወይም ዘንዘልማ በኩል ለሚኖር ሰው፣ ከሁሉም አስቀድሜ የምጠቁመው ይህን ነው።

የሐበሻ ዶሮ በእርግጥ ርካሽ ናት?

የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። አሥራ ሁለት አሥራ አምስት ትጥልና ትታቀፋለች። 21 ቀን ታቅፋ፣ ከዚያ ጫጩት ስታሳድግ ሁለት ወር ከዚያም በላይ ትቆያለች። ያን ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም።

«ግን እኮ አትበላም» ይባላል። ትበላለች እንጂ። ጠዋት አንድ እፍኝ በቆሎ የማይበትን ማን አለ? ለአምስት ሴትና ለአንድ አውራ ለእያንዳንዳቸው በቀን 30 ግራም ብቻ ብትበትኑ በዓመት 66 ኪሎ ይመጣል። አምስቱ በጠቅላላ 250 እንቁላል ቢጥሉ፣ በአንድ እንቁላል ከ260 ግራም በላይ እህል ወጥቷል። ቦቫንሷ ከ170 ግራም ባነሰ ነው የምትጥለው። በተገዛ እህል የምትቀለብ የሐበሻ ዶሮ፣ እህሉ ከመኖው በጣም ካልረከሰ፣ ከሁሉም ውድ እንቁላል ትጥላለች ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው።

ሒሳቡ የሚገለበጠው እህሉ ባይገዛ ነው። የወፍጮ ጥራጊ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ጓሮ ያለ ትልና ምስጥ፣ ትንሽ የጠላ አተላ። ይህ ሁሉ ከቤት ከተገኘ ወጪዋ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ቢሆንም በአስኳሉ ቢጫነት ተፈልጎ ይገዛል። በነገራችን ላይ ቢጫው የሚመጣው ከቅጠል ነው። ለቦቫንሷም ጎመንና ሣር ስጧት፣ አስኳሏ ይቀላል።

እንቁላል ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ መታቀፏን ማስተው ይኖርባችኋል። እናቶቻችን ዘዴ አያጡም። አፍንጫዋ ላይ ላባ ይሰካሉ፣ ዘቅዝቀው ያንጠለጥሏታል፣ ውሃ ውስጥ ይነክሯታል። እነዚህን ተዉአቸው፣ ስቃይ ነው። የሚሻለው ጎረቤት ወስዶ ጥቂት ቀን ማሰንበት ነው። ቦታው ሲቀየርባት ትረሳዋለች። ጫጩት እንድታወጣ ከተዋችኋት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በሽታና ጭልፊት እንደሚወስዳቸው ቁጠሩት።

መኖው የሚገኘው ከየት ነው?

ከጠቅላላው ወጪ አብዛኛው መኖ ነው። ስለዚህ «ራሴ ልቀላቅል» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። አካባቢያችን ለዚህ የተባረከ ነው። በቆሎው ከሜጫና ከቡሬ ይመጣል። የኑግ ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያ፣ ፉርሽካ ከዱቄት ፋብሪካ፣ የሩዝ ብጣሪ ከፎገራ። ሐይቁ ዳር ደግሞ አሣ ሲበለት የሚጣለው ጭንቅላትና አጥንት አለ። እሱ በደንብ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ሲፈጭ ጥሩ ፕሮቲን ነው። ሲበዛ ግን እንቁላሉ አሣ አሣ ይላል። ከመቶ ኪሎ ውስጥ ከ5 እና 6 ኪሎ አታሳልፉት።

ለጣይ ዶሮ ለመቶ ኪሎ እንዲህ ያለ ቅልቅል ይሄዳል። በቆሎ 50፣ የኑግ ፋጉሎ 22፣ ፉርሽካ 12፣ የአሣ ዱቄት 6፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8 ተኩል፣ ጨው ግማሽ ኪሎ፣ የቫይታሚንና ማዕድን ቅመም 1 ኪሎ። ፕሮቲኑ 16 በመቶ አካባቢ ይሆናል። የኖራ ድንጋይ ስል ግድግዳ የሚቀባውን ማለቴ አይደለም፤ ያ ያቃጥላል። ለመኖ ተብሎ የሚፈጨውን ነው። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝናል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዶሮዋ ከመኖው ካላገኘችው ከአጥንቷ ትወስዳለች። ከዚያ እግሯ ይደክማል፣ እንቁላሉም ልፍስፍስ ይሆናል። የቤታችሁን የእንቁላል ቅርፊት ቆልታችሁ፣ አድቅቃችሁ መመለስም ይቻላል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ አምስት ዶሮ ላለው ሰው መቀላቀል አይመከርም። አንድ ኩንታል ለአምስት ዶሮ 174 ቀን ይበቃል። የተፈጨ መኖ ያን ያህል አይቀመጥም። በክረምት እርጥበት ይሻግታል። የሻገተ በቆሎና ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል፤ ዶሮዋ ሳታስታውቅ መጣል ታቆማለች። ሃያ ዶሮ ሲኖር ኩንታሉ በ43 ቀን ያልቃል፤ ያኔ መቀላቀል ትርጉም አለው። ወይም አራት ጎረቤት ተሰብሰቡና አንድ ኩንታል ተካፈሉ። በጢስ ዓባይ መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዶሮ ላይም ይሠራል፤ ስለ ቅልቅሉ ባለሙያ መጠየቅ ነውር የለውም።

ዶሮ አትጾምም

የከተማ ሒሳብ አዋቂዎች የሚረሱት ይህን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። አምስት ዶሮ በእነዚህ ቀናት ከ31 ኪሎ በላይ መኖ ይበላሉ። 190 ያህል እንቁላል ይጥላሉ። ማን ይግዛው? ዋጋው ይወርዳል። የእናንተም ቤት ይጾማል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ፤ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ።

መውጫ አለ። የማይጾም ሕፃን ያለበት ቤት፣ ሙስሊም ጎረቤት፣ ኬክ ቤት፣ ቱሪስት የሚያስተናግድ ሆቴል። ዶሮ ከመግዛታችሁ በፊት ከእነዚህ አንዱን አነጋግሩ። ያልታጠበ እንቁላል ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ የሁዳዴ መጨረሻ ሳምንታት እንቁላል ለፋሲካ ይደርሳል። አትጠቡት ብቻ። ሲታጠብ መከላከያው ይነሳና ቶሎ ይበላሻል። አውራ ከሌለ ደግሞ እንቁላሉ ጫጩት ስለማይጀምር የተሻለ ይቆያል። አዎ፣ ያለ አውራ ይጥላሉ። ጎረቤትም በሌሊት ጩኸት አይበሳጭባችሁም።

ፈንግል፣ ቤትና ሌሎች

ፈንግል አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቆጡን ባዶ ያደርጋል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ብቻ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ለአንድ ዶሮ ሲካፈል ዋጋው ከቁጥር አይገባም። አስቸጋሪው ነገር ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑና ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። ለአምስት ዶሮ አንድ ብልቃጥ ከፍቶ መድፋት ያናድዳል። ስለዚህ ከሰፈሩ ጋር ቀን ቁረጡ፣ በአንድ ጠዋት ሁላችሁም አስከትቡ። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን ላሶታ የተባለ የፈንግል ክትባት በቧንቧ ውሃ አትበጥብጡ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ይሁን። ከእንስሳት ክሊኒክ ስታመጡትም በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይሁን። በየሦስት ወሩ ገደማ ይደገማል።

ቤቱ ላይ ብዙ አታውጡ። ለአምስት ዶሮ ካሬ ሜትር ተኩል ይበቃል። የባሕር ዛፍ አጣና፣ ቆርቆሮና ሽቦ በቂ ነው። ገንዘብ የሚጨመርበት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ወለሉን ከመሬት ማንሳት ነው፤ በክረምት ጓሮው ሲጨቀይ ጉዝጓዙ ከረጠበ የደም ተቅማጥ ይነሳል። ሌላው ሽቦው ነው፤ ሸለምጥማጥ በሰፊ ቀዳዳ ገብቶ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ይፈጃል። ለጉዝጓዝ የፎገራ ሩዝ ገለባ ቅርፊት ከሰጋቱራ አያንስም።

ብርሃን ደግሞ ርካሹ መኖ ነው። ጣይ ዶሮ በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። እኛ ጋ ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን ርዝመት ከ11 ሰዓት ተኩል አካባቢ አያልፍም። ባለ 5 ዋት አምፖል ከንጋት በፊት ለሦስት ለአራት ሰዓት ያህል ብታበሩ የመብራት ክፍያው አይሰማችሁም። ውሃም እንዳይቋረጥ። ከመኖው እጥፍ ትጠጣለች፤ ቧንቧ የጠፋ ቀን ዶሮዋ ከተጠማች እንቁላሉ ለቀናት ይቀንሳል። አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ይቀመጥ።

እንግዲህ የቱን?

ቤት የምትከራዩ፣ ጓሮ የሌላችሁ፣ ወይም ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ እንቁላል ከገበያ ግዙ። 30 የሚይዘውን በአንዴ ስትገዙ ይረክሳል። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ በወር ለ212 ብር ብላችሁ ከአከራይ ጋር አትጣሉ።

የታጠረ ጠባብ ግቢ ያላችሁ፣ ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 ዓይነት ቦታ፣ እንቁላል በየቀኑ የሚበላ ልጅም ያላችሁ፣ አምስት የቦቫንስ ወይም የሎማን ቄብ ያዙ። ከአምስት ጀምሩ፤ ከሃያ ግን አትጀምሩ። ሰፊ ግቢና በዓልን የሚጠብቅ ትዕግሥት ያላችሁ ሳሶ። ከቤታችሁ ትርፍራፊና ጥራጊ የማይጠፋ፣ ጫጩት ማሳደግም የምትወዱ ሁለት ሦስት የሐበሻ፣ እህል ሳይገዛላቸው።

ቄብ የምትገዙ ከሆነ ወሩን ምረጡ። ጥቅምት ጥሩ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ጓሮው ደርቋል። ኅዳር ላይ መጣል ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ እንቁላሎች በጾመ ነቢያት ያልፋሉ፤ ለገናና ለጥምቀት በደንብ ይይዛሉ። ዓመት ከወር ከጣሉ በኋላ በቀጣዩ ታኅሣሥ መጣላቸው ይቀንሳል። ያኔ አንድ ተጨማሪ ወር አታብሏቸው። የገና ገበያ ሳያልፍ ሽጧቸው።